ልጅቷ ጫማ አላት

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ የኅትመትና የማስታወቂያ ቤት ነው። አዲሱ ሚሊኒየም ከገባ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ስሜ ሰዓዳ ነው፤ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው። እኔ ከቴክኒክና ሙያ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሼ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ እሣላለሁ።

የቤቱ ባለቤት ጋሼ ደሳለኝ ይባላሉ። ድሮ በብሩሽ የሱቅ ታፔላ ይጽፉ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ብሩሹን አስቀምጠው ማሽን ገዙ። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ባነር እንድሠራ አዘዙኝ። እኔም የማውቀውን ሁሉ አወጣሁ። ለፊደሎቹ ጥላ አደረግሁላቸው፤ በአራቱም ማዕዘን አበባ ጨመርኩ፤ የርእሰ መምህሩን መልእክት ከሥር በትንንሽ ፊደል ደረደርኩ።

ጋሼ ደሳለኝ በወረቀት አትመው መስኮቱ ላይ ለጠፉትና አስፋልቱን አሻግረው ወሰዱኝ።

«አንብቢው።»

«ከዚህ አይታይም ጋሼ።»

«አንቺ ቆመሽ ነው የማይታይሽ። በባጃጅ የሚያልፈውስ?» አሉኝ። «ሁለት መስመር አድርጊው። ከሁለት መስመር በላይ የሚያነብልሽ የለም።»

ያን ቀን ባነሩን አራት ጊዜ ሠራሁት። በአምስተኛው ቀን አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ከሩቅ ይነበብ ነበር።

እዚያ ቤት የሠርግ ካርድ፣ መታወቂያ፣ ማኅተም፣ የሱቅ ታፔላ፣ የሐዘን መታሰቢያ ሠርቻለሁ። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት በእርሳስ እሥላለሁ፤ በስካነር አስገባና በማውስ ቀለም እቀባለሁ። በማውስ መቀባት እጅ ያደክማል፤ መስመሩም እንደልብ አይታዘዝም። በኋላ አባዬ ለንግድ አዲስ አበባ ሲወርድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በብዕር የሚሣልበት ሰሌዳ ገዝቶልኝ መጣ። አሮጌ ነበር፤ አንድ ጥጉም ተሰንጥቋል። ሥራዬን ግን በግማሽ አቀለለልኝ።

አንድ ቀን ጥናቱን ሊያስጠርዝ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሥዕል አየ። ባጃጅ ውስጥ በግ አቅፎ የተቀመጠ ሰውዬ ነበር የሣልኩት። «ይህን የሚፈልግ ሰው እኮ ኢንተርኔት ላይ አለ» አለኝ። አሠሪና ባለሙያ የሚገናኙበት ድረ ገጽ እንዳለ ነግሮኝ ስሙን ከደረሰኝ ጀርባ ጻፈልኝ። አሠሪው የሚፈልገውን ሥራ ይለጥፋል፤ ባለሙያዎች ፕሮፖዛል ይልካሉ፤ እሱ ደግሞ አንዱን ይመርጣል። ሥራው ሲያልቅ አሠሪው ኮከብ ይሰጥሻል። ኮከብሽ ሲሞላ ስምሽ ከዝርዝሩ ላይ ከፍ ይላል። ሲጎድል ማንም ወደማይደርስበት ገጽ ትወርጃለሽ።

ፕሮፋይል ከፍቼ ስድስት ሥዕል ለጠፍኩ። ከዚያም ማመልከት ጀመርኩ። የምልከው ደብዳቤ አንድ ነበር፤ ከሥራ ማመልከቻ ናሙና ላይ የወሰድኩት። «ክቡር ሆይ፦ እኔ ታታሪ፣ ታማኝና ሰዓት አክባሪ ባለሙያ ነኝ። ዕድሉ ቢሰጠኝ አላሳፍርም።» ለውሻ ምግብ አርማ ለሚፈልገውም፣ የሠርግ መጥሪያ ለምትፈልገዋም እሱኑ ገልብጬ ላክሁ። በሦስት ወር ውስጥ ስልሳ ያህል ልኬ አንድም መልስ አልመጣም። ችግሩ አገሬ ወይም እንግሊዝኛዬ መስሎኝ ነበር።

የተሳሳትኩት የት ላይ እንደሆነ የገባኝ አባዬ ሱቅ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ስለነበር ላግዘው ሄጄ ነበር። አንዲት ከማክሰኝት የመጡ ሴት የልብስ ጨርቅ ይፈልጋሉ። ጎረቤት ያለው ነጋዴ «ምርጥ ነው! ቀለም አይለቅም! ግቡ እናቴ!» እያለ ይጣራል። አባዬ ግን በርጩማ ሰጥቶ አስቀመጣቸው።

«ለምን ጉዳይ ነው የፈለጉት?»

«ለልጄ ምርቃት።»

«ልጅቷ ቀይ ናት ጠይም?»

«ጠይም።»

«ምርቃቱ ክረምት ላይ ነው?»

«ሐምሌ ነው።»

ከመደርደሪያው ሁለት ጣቃ ብቻ አወረደ። ሴትዮዋ ከአንዱ አስቆርጠው ሄዱ። ሲወጡ «አባዬ፣ ጨርቁ ጥሩ ነው እንኳ አላልካቸውም» አልኩት።

«ጥሩ መሆኑን በእጃቸው እየዳሰሱት አይደል?» አለኝ። «እኔ የማላውቀው የእሳቸውን ጉዳይ ነው።»

ቤት ገብቼ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ከፍቼ አነበብኩ። ሁሉም ስለ እኔ ነው የሚያወሩት። ስለ አሠሪው ጉዳይ አንድ ቃል የለባቸውም።

ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ብቻ መላክ ጀመርኩ። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ የአሠሪውን የቀድሞ ሥራ ፈልጌ አያለሁ። አንዲት የኬንያ ሴት ለማር ማሰሮ የሚለጠፍ መለያ ትፈልግ ነበር። የድሮውን መለያ አያይዛዋለች። እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «የአሁኑ መለያ ላይ ያለችው ንብ ከሩቅ ስትታይ ዝንብ ትመስላለች። ክንፏ ተልቆ ሆዷ ስላነሰ ነው። አስተካክዬ አንድ ሥዬ አያይዣለሁ። ማሩን ሰው የሚገዛው ከመደርደሪያ ላይ ነው ወይስ ከእጅሽ?»

ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ። «ባለቤቴም ዝንብ ናት እያለ ይስቅብኛል። መቼ ትጀምሪያለሽ?»

የመጀመሪያው ሥራዬ ያ ነው። አምስት ኮከብ ሰጠችኝ። አባዬ ነገሩ አልዋጥለት አለ። «ፊትሽን ሳታይ?»

«ሥራዬን አይታለች።»

«ይሁና» አለና ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ክፍያው እንዴት ወደ ጎንደር ይደርሳል የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር፤ እዚህ አላነሣውም።

ለሁለት ዓመት ያህል ሁለቱንም ሥራ ጎን ለጎን ያዝኩ። በኋላ የድረ ገጹ ሥራ ሲበዛ ለጋሼ ደሳለኝ ልለቅ መሆኔን ነገርኳቸው።

«ማሽኑን ለማን ትተሽው ነው?» አሉኝ። ከዚያ የምቀመጥባትን ወንበር እየጠቆሙ «ወንበሯን ውሰጃት» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ነው የምትውዪው፤ ጀርባሽን ታድንልሻለች።»

ወንበሯን በባጃጅ ጭኜ ወሰድኳት።

ፕሮፋይሌ ሙሉ ኮከብ በያዘበት ሰሞን የሥዕል መጽሐፍ ሥራ ተለጠፈ። አሳታሚው ውጭ አገር ነው፤ የምታነጋግረኝ አርታኢ ክላራ ትባላለች። ታሪኩ ስለ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ዶሮ ይዛ ገበያ ትሄዳለች፤ ዶሮዋ ታመልጣለች፤ ገበያተኛው በሙሉ ያባርራታል። ቦታው «ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከትልቅ ተራራ ሥር ያለ ገበያ» ነው የሚለው።

በፕሮፖዛሌ እንዲህ አልኩ፦ «ከተራራ ሥር ያለ ገበያ ከሆነ ከሊማሊሞ ሥር ያለውን የዛሪማን ገበያ አውቃለሁ። ታሪኩ ዶሮዋ ዛፍ ላይ ወጣች ይላል። በገበያ ቀን ግን የሚቀርባት የጭነት መኪና ነው።» ዶሮዋ ከተጫነ መኪና አናት ላይ ቆማ፣ ሾፌሩ ደግሞ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲያያት የሚያሳይ የእርሳስ ሥዕል አያያዝኩ።

ክላራ በቪዲዮ ልታነጋግረኝ ቀጠሮ ያዘች። የቤቴ ኔትወርክ ስለማያስተማምን አንድ ሆቴል ሄጄ ጥግ ያዝኩ። የሾፌሩን ፊት እያየች ሳቀች። ሥራው ሃያ አራት ገጽ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ። ሰጠችኝ። የልጅቷን መልክ የሚያሳዩ ፎቶዎችም ላከችልኝ። በሁሉም ላይ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። እኔም እንደ ፎቶው ሣልኳት፤ ብዙም አላሰብኩበትም።

የእርሳሱን ሥዕል ጨርሼ ስምንቱን ገጽ ቀለም ከቀባሁ በኋላ ገበያውን በደንብ ማየት ፈለግሁ። ከጎንደር በአውቶቡስ ተነሥቼ፣ ደባርቅን አልፌ፣ ሊማሊሞን ወርጄ ዛሪማ ገባሁ። ከአባዬ ጨርቅ የሚወስድ ነጋዴ ቤት አረፍኩ። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር።

እታለም የምትባል ሽንኩርት ሻጭ አጠገብ ተቀምጬ እሥል ጀመር። ከእሷ ጋር የዐሥር ዓመት ገደማ ልጇ ነበረች። ልጅቷ ዶሮ አቅፋ እንድትቆምልኝ እናቷን ለመንኩ፤ ፈቀደች። ጨርሼ ሳመሰግን እታለም «ቆይ፣ ያንንም አሳዪኝ እንጂ» አለች፤ አትሜ ይዣቸው የመጣሁትን የመጽሐፉን ገጾች አይታ ነው። ሰጠኋት። አንድ በአንድ ገለጠች። ዶሮዋ መኪናው ላይ የወጣችበት ላይ ስትደርስ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየች፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ሥዕል ተመለሰችና እግሯ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ምነው፣ ጫማዋን ምን በላው?»

«እንዲህ እንድሥል ነው ያዘዙኝ።»

«እነማን?»

«መጽሐፉን የሚያሳትሙት ሰዎች።»

«መጥተው አይተዋል?»

«አላዩም።»

ልጇን በክንዷ ስባ እግሯን ወደ እኔ አስቀደመችው። አረንጓዴ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርጋለች። «ባለፈው ገበያ ነው የገዛሁላት። እኔ ልጄን ባዶ እግሯን ገበያ አወጣለሁ? ያየ ሰው ምን ይለኛል?»

አፈርኩ። ተነሥቼ ገበያውን ዞርኩ፤ የልጆች እግር እያየሁ። ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። የሚበዙት ግን ኮንጎ ወይም ሸበጥ አድርገዋል። ከናቷ ጋር ለገበያ የወጣች ልጅ ደግሞ ያላትን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ነው የምትወጣው። ተመልሼ ለእታለም «አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

«አደራ» አለችኝ። «ልጅቷን ሸጋ አድርገሽ ሣያት።»

ጎንደር እንደተመለስኩ ስምንቱንም ገጽ ለልጅቷ አረንጓዴ ጫማ አድርጌላት እንደገና ሠራሁ። ለክላራ ሳልጠይቃት ላክኋቸው። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ሥዕሎቹ ቆንጆ ናቸው» ብላ ጻፈችልኝ። «ጫማውን ግን አውጪልን። አንባቢዎቻችን የሚጠብቁት እንዲህ አይደለም።» በገበያው ያየሁትን ጻፍኩላት፤ ያነሣኋቸውን ፎቶዎችም አያያዝኩ። በማግሥቱ መልሷ አጭር ነበር፦ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንደ መጀመሪያው አድርጌ እንድልክ፤ አለዚያ ውሉ እንደሚዘጋ።

ሱቅ ሄጄ ለአባዬ ነገርኩት። ውሉ ከተዘጋ ኮከቤ እንደሚወርድ፣ ከወረደ ደግሞ ሌላ ሥራ ለማግኘት ምን ያህል እንደምቸገር አስረዳሁት።

«ሳትጠይቂያት ነው የለወጥሽው?»

«አዎ።»

«ልክ ሳትወስጂ ጨርቅ ቀደድሽ ማለት ነው። ጥፋትሽ እሱ ነው።» የያዘውን ጣቃ መደርደሪያው ላይ መለሰ። «ጫማው ግን ጥፋት አይደለም። ለሴትዮዋ አስተካክለዋለሁ ብለሻታል?»

«ብያታለሁ።»



ለክላራ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሳላማክራት መለወጤ ስሕተት መሆኑን ጻፍኩ። አንድ ሐሳብም አቀረብኩ። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ጫማ ታደርጋለች፤ ዶሮዋን ስታባርር አንዱ ኮንጎ ይወልቅና እስከ መጨረሻው ገጽ በአንድ እግር ጫማ ትሮጣለች። ልጆች ይስቁበታል፤ አሳታሚዎቹም የፈለጉትን ባዶ እግር ያገኛሉ። ረቂቁን ሥዬ ላክሁ። እስከ ዛሬ ከሣልኳቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ሦስት ቀን መልስ ጠፋ። በአራተኛው ቀን «እኔ ወድጄው ነበር፤ አለቆቼ ግን አልተስማሙም» አለችኝ። ውሉ ተዘጋ። ሁለት ኮከብ ተሰጠኝ፤ ከሥሩ «ጥሩ እጅ አላት፤ መመሪያ ግን አትቀበልም» የሚል ተጽፏል።

ድረ ገጹ በአሠሪው አስተያየት ሥር መልስ እንድጽፍ ይፈቅዳል። ተናድጄ ስለነበር ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ አገሬ ክብር፣ ስለ ፎቶዎቹ፣ ስለ አለቆቿ፣ ስለ ሁሉም። ከመለጠፌ በፊት አትሜ ለጋሼ ደሳለኝ ወሰድኩት። ወረቀቱን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት እንጂ አላነበቡትም።

«ይህን ሁሉ ማን ያነብልሻል?» አሉኝ። «ሁለት መስመር አድርጊው። በአንዱ ጥፋትሽን፣ በሌላው ያየሽውን።»

እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፦ «ሳልጠይቅ ስምንት ገጽ ለውጬ መላኬ ጥፋቴ ነው። ልጅቷን ባዶ እግሯን ያልሣልኳት ገበያው ሄጄ እሷን የመሰሉ ልጆች ጫማ አድርገው ስላየሁ ነው።»

ለጠፍኩትና ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ሥራ አላገኘሁም። ፕሮፖዛሌን በየጠዋቱ እየላክሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደሳለኝ ጋር ባነር እሠራ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ግን አልፈራሁም። ንቧን ከዝንብ የለየሁበት ዓይን ኮከቤ ስለወረደ ብቻ አልጠፋም።

በዚያው ሰሞን ዶሮዋን ያቀፈችውን ልጅ፣ ከነ አረንጓዴ ጫማዋ፣ በትልቅ ወረቀት አተምኩና በአባዬ ደንበኛ እጅ ለእታለም ላክሁላት። ከሳምንታት በኋላ መልእክቷ ደረሰኝ፦ «ሸጋ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ዶሮዋ ግን ከስታለች በሏት።»

በአምስተኛው ወር ሳላመለክት የሥራ ግብዣ መጣልኝ። ሄንሪክ የሚባል ሰው ነው፤ በደጋው ገበሬዎች ዘንድ የድንች ዘር አያያዝ የሚያስተምር የግብርና ፕሮጀክት ይመራል። ማንበብ ለማይችሉ ገበሬዎች በሥዕል ብቻ የሚያስረዳ ፖስተር ይፈልጋል። «ለአስተያየቱ የሰጠሽውን መልስ አንብቤ ነው የጻፍኩልሽ» አለ። «ከዚህ በፊት የተሠራልንን ፖስተር ገበሬዎቹ እያዩ ይስቃሉ። ለምን እንደሚስቁ የሚነግረን አላገኘንም።»

ሌሎች ሦስት ሰዎችም ተጋብዘው ነበር። እኔ ዋጋም ናሙናም አልላክሁም፤ የላክሁት ጥያቄ ነው። ፖስተሩ የሚለጠፈው የት ነው? የሚያዩት ወንዶቹ ናቸው ወይስ ዘሩን የሚያስቀምጡት ሴቶቹ? የድሮውን ፖስተር ልታሳየኝ ትችላለህ? አንድ መስመር ከመሣሌ በፊት ማከማቻውን ማየት እችላለሁ?

«ሌሎቹ ዋጋ ላኩ» ብሎ መለሰልኝ። «መኪናችን ሐሙስ ወደ ዳባት ትወጣለች፤ መንገድ ላይ ትወስድሻለች።»

ዳባት ላይ የድሮውን ፖስተር ለአንድ አዛውንት ገበሬ አሳየኋቸው። ሥዕሉ ላይ ከጎተራው ጎን ሁለት በሬዎች ተጠምደዋል።

«አያ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«በሬዎቹን እያቸው እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ቀንበሩ ከአንገታቸው ሥር ነው የዋለ። እንዲህ የሚጠምድ ሰው ስለ ድንች ምን ሊነግረኝ ነው?»

ድንቹን እንዳላዩት ገባኝ። ዓይናቸው በሬዎቹ ላይ ቀርቷል። ሚስታቸው ደግሞ ወደ ውስጥ ወስደው ዘሩን የሚያስቀምጡበትን ቆጥ አሳዩኝ፤ ፖስተሩ ላይ እንዳለው መሬት ላይ አልነበረም። ሁለቱንም ለሄንሪክ እዚያው ሆኜ በስልክ ነገርኩት፤ በሬዎቹን ከነጭራሹ ላወጣቸው፣ ቆጡን እንደ አገሩ ልሠራው እንደምፈልግ ጠየቅሁት። «ሥሪው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው እርሳስ ያነሣሁት።

አዲሱ ፖስተር በወገራና በዳባት ቀበሌዎች ተለጠፈ። ሄንሪክ ሲለጠፍ ሄዶ አይቶ «ዛሬ የሳቀ የለም፤ ስለ ድንቹ ሲከራከሩ ዋሉ» ብሎ ጻፈልኝ። ከእነሱ ጋር ሌላ አራት ሥራ ሠራሁ፤ እነሱም ለሌሎች ነገሩልኝ። ዛሬ የምኖረው በዚህ ሥራ ነው።

በዚህ መንገድ ሥራ ለምትፈልጉ የሥዕልና የዲዛይን ሰዎች የምለው ይህ ነው። ስለ ራሳችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ስለ አሠሪው ጉዳይ ጻፉ። የምትሥሉትን ነገር ሄዳችሁ እዩ። መለወጥ ያለበት ነገር ካያችሁ ሳትሠሩት ተናገሩ፤ ከሠራችሁት በኋላ ሲነገር ትክክል ብትሆኑም ዋጋ ያስከፍላችኋል።